የፎቶግራፍ መኪና ሲለወጥ

ሰው በእጁ ካለው ዕቃ ይልቅ በሱቅ መስኮት ያየውን አብልጦ መመኘቱ የቈየ ጠባይ ነው። የጥንት ሰዎች «በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» ማለታቸው ይህንኑ ተመልክተው ነው። ጠባዩ በልብስም፥ በቤት ዕቃም፥ በእርሻ መሣሪያም ይገለጣል፤ በዚህ ዘመን ግን ይልቁን ጐልቶ የሚታየው በየዓመቱ በሚታደሱት የጥበብ ዕቃዎች፥ በስልክና በኮምፒዩተር፥ እንደዚሁም በፎቶግራፍ መኪና፥ ማለት በካሜራ ላይ ነው። ካሜራን ለእንጀራው ሳይሆን ለልቡ ደስታ የያዘ ሰው አንዱን ገዝቶ ገና ሳይለምደው የሌላው ወሬ ይደርሰዋል፤ ያን ጊዜም የትናንቱ ዕቃ በዓይኑ ፊት ያረጅበታል።

እንዲህ ያለውን ሰው በከንቱ ምኞት ከሶ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ፍርዱ የቀና አይሆንም፤ ፎቶግራፍ ከተወለደ ጀምሮ ዕቃው ሳይለወጥ ረጅም ጊዜ የኖረበት ዘመን የለምና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። የፈረንሳዊው የዳጌር ጥበብ በ1839 ዓ.ም. በፓሪስ ለሕዝብ ሲገለጥ፥ ሥዕሉ የሚቀረጸው ብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ነበር፤ አንዱ ሰሌዳ አንድ ሥዕል ብቻ ሲሆን ቅጂ አልነበረውም። በ1888 ዓ.ም. አሜሪካዊው ጆርጅ ኢስትማን ኮዳክ የሚባለውን ካሜራ አወጣ። በውስጡ 100 ፎቶግራፍ የሚይዝ ጥቅል ነበረበትና፥ ባለቤቱ አንሥቶ ሲጨርስ ካሜራውን እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይልከው ነበር፤ ፋብሪካውም ሥዕሉን አጥቦና አትሞ፥ ካሜራውን በአዲስ ጥቅል ሞልቶ ይመልስለታል። በ1900 ዓ.ም. ብራውኒ የሚባለው ትንሽ ሣጥን በ1 ዶላር ተሸጠ፤ ከዚህም የተነሣ ፎቶግራፍ ማንሣት ለልጆች እንኳ የሚደረስበት ነገር ሆነ። በ1925 ዓ.ም. ደግሞ ኦስካር ባርናክ የተባለው ጀርመናዊ የፈጠረው ላይካ ለገበያ ወጣ። ይህ ካሜራ የሚሠራው በሲኒማ ፊልም ሲሆን፥ የአንዱ ሥዕል ልክ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነበር፤ ይህም ልክ እስከ ዛሬ አልተሻረም።

በኢትዮጵያ ፎቶግራፍ ለብዙ ጊዜ የቤተ መንግሥትና የፎቶ ቤት ሥራ ሆኖ ኖረ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የአርመን ተወላጁ ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበሩ፤ ከእርሳቸውም በኋላ ልጆቻቸው ሥራውን ያዙ። ተራው ሰው ግን ፎቶግራፍ የሚነሣው በሠርጉ ቀን፥ በምርቃቱ ቀን፥ ወይም ለመታወቂያ ወረቀት ሲፈለግበት ነበር፤ ለዚያውም ነጠላውን አስተካክሎ፥ ትንፋሹን ዋጥ አድርጎ፥ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። ካሜራ ከፎቶ ቤት ወጥቶ ወደ ሰው ሁሉ ኪስ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚህ መንገድ ላይ ምን እንደ ተገኘና ምን እንደ ጠፋ ለማየት የአንድ የአዲስ አበባ ሰው ነገር ምሳሌ ይሆናል።

ይህ ሰው ሥራው ሒሳብ መያዝ ነው፤ ፎቶግራፍ ግን ከወጣትነቱ ጀምሮ የልቡ መጽናኛ ነበር። የመጀመሪያ ካሜራውን ያገኘው በ1984 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት ተልኮ ሳለ፥ ከተማሪ ድጎማው ጥቂት በጥቂት አጠራቅሞ ከአንድ ጓደኛው እጅ በመግዛት ነው። ካሜራው ዜኒት-ኢ ይባላል፤ በሞስኮ አጠገብ ባለችው በክራስኖጎርስክ ፋብሪካ የተሠራ ነበር። ክብደቱ ከነሌንሱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። ባትሪ አይፈልግም፤ የብርሃን መለኪያው የሚሠራው ብርሃኑ ራሱ በሚያስነሣው ኤሌክትሪክ ነውና። ሄሊዮስ የሚባለው 58 ሚሊ ሜትር ሌንሱ እንደ ጠርሙስ ክዳን እየተጠመዘዘ ይገባል። ሲያነሡበት የሚያሰማው ድምፅ ከባድ ስለ ሆነ፥ በጸጥታ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ ይመለከታል።

ትምህርቱን ጨርሶ በ1986 ዓ.ም. ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ ፊልም ውድ ነበር። አንድ ጥቅል 36 ፎቶግራፍ ይይዛል፤ ያንም ጥቅል ከጥምቀት እስከ ክረምት መግቢያ ያዳርሰው ነበር። ለፋሲካ ሦስት፥ ለአክስቱ ልጅ ሠርግ ዐሥር፥ ለእናቱ ደጃፍ ሁለት፥ እያለ እንደ ወር አስቤዛ ይመድበዋል። ስለዚህ ካሜራውን ወደ ዓይኑ ሳያስጠጋ በፊት ብዙ ያስብ ነበር፤ ሰውየው እስኪሥቅ፥ ብርሃኑ ወደ ፊቱ እስኪዞር፥ ሕፃኑ ማልቀሱን እስኪተው ይጠብቃል። ጥቅሉ ሲያልቅ በፒያሳ ወዳለ ፎቶ ቤት ወስዶ ያሳጥበዋል፤ የታተመውን ለየባለቤቱ ያድላል፤ ኔጋቲቩን ግን በወረቀት ጠቅልሎ፥ ቀኑንና የሰዎቹን ስም በላዩ ጽፎ፥ በባዶ የብስኩት ቈርቈሮ ውስጥ ያኖረዋል። ይህን ያደርግ የነበረው ጥንቁቅ ስለ ነበረ ብቻ አይደለም፤ ሥዕሉን የሚያኖርበት ሌላ ስፍራ ስላልነበረው ነው።

በ1996 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚኖር ወንድሙ ካኖን ካሜራ ላከለት። ይህኛው ሥዕሉን የሚያጠራው ራሱ ነው፤ ፊልሙንም በትንሽ ሞተር ያዞራል። ሰውየው እጅግ ተደሰተ፤ ዜኒቱንም በጨርቅ ጠቅልሎ በቁም ሣጥን ላይ ሰቀለው። ይሁን እንጂ የዕቃ መለወጥ ዋጋ እንዳለው ያን ጊዜም ሊያስተውለው ይችል ነበር። ካኖን በ1987 ዓ.ም. የሌንሱን መግጠሚያ ፈጽሞ ስለ ለወጠ፥ ከዚያ በፊት ብዙ ገንዘብ አውጥተው የካኖን ሌንስ የገዙ ሰዎች ሌንሳቸውን በአዲሱ ካሜራ ላይ እንዲሁ ሊገጥሙት አልቻሉም ነበር። አዲስ ነገር ሲመጣ የቀድሞው ቤት አልባ የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ከዚህ በኋላ ፊልም ራሱ የሚቀርበት ዘመን መጣ። የዚህ ዘመን መጀመሪያ በ1975 ዓ.ም. በኮዳክ ቤት የተሠራው ካሜራ ነው። ስቲቨን ሳሰን የተባለው ወጣት መሐንዲስ የሠራው ይህ መኪና 3.6 ኪሎ ይመዝን ነበር፤ አንዱን ሥዕል በካሴት ክር ላይ ለመመዝገብ 23 ሴኮንድ ይፈጅበታል፤ የሥዕሉም ነጥቦች 100 በ100፥ በጠቅላላው 10,000 ብቻ ነበሩ። ፊልም በመሸጥ የኖረው ይኸው ኩባንያ በ2012 ዓ.ም. ዕዳውን መክፈል አቅቶት በአሜሪካ ሕግ ከአበዳሪዎቹ መከለያ ጠየቀ። በገዛ ቤቱ የተወለደው ልጅ አድጎ የአባቱን ገበያ ወረሰ ማለት ነው።

የሒሳብ ሠራተኛውም በ2004 ዓ.ም. ባለ 4 ሚሊዮን ነጥብ ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ገዛ። በ2010 ዓ.ም. ሌንሱ የሚቀያየር ትልቅ ካሜራ አስከተለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መስተዋት የሌለውን ሶኒ በሰው እጅ ከዱባይ አስመጣ። የዚህ የመጨረሻው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ 6,000 በ4,000፥ ማለት 24 ሚሊዮን ነጥቦች አሉት፤ የሰሌዳው ልክ ግን ባርናክ በላይካ ያጸናው ያው 24 በ36 ሚሊ ሜትር ነው። የሥዕሎቹም ማኖሪያ እንደዚሁ ይለዋወጥ ነበር። መጀመሪያ በሲዲ ገለበጣቸው፤ በኋላ የገዛው ኮምፒዩተር ሲዲ የሚያጐርስበት አፍ አልነበረውም። ከዚያ በፍላሽ፥ ከዚያም በሃርድ ዲስክ አደረጋቸው፤ አንዱ ሃርድ ዲስክ ከጠረጴዛ ወድቆ ድምፁን እያሰማ የማይነበብ ሆነ። ከዚያ በስልኩ ላይ አኖረ፤ ስልኩም በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይለወጣል።

ፎቶግራፉ ወጪ የሌለው ከሆነ ወዲህ መጠበቅ ቀረ። በአንድ ጥምቀት ቀን ብቻ ከ1,000 በላይ ያነሣ ጀመር። ከዚህ የበለጠው ግን የዓይኑ መዞር ነው። ቀድሞ ካሜራውን የሚይዘው ሰው ለማየት ነበር፤ አሁን ሰውንም ዕቃንም የሚያየው ካሜራውን ለመፈተን ሆነ። አዲስ ሌንስ በመጣ ቍጥር ጋዜጣ በግድግዳ ላይ ለጥፎ ፊደሎቹ እስከ ማዕዘኑ ድረስ መጥራታቸውን ይመረምራል። ጠርሙስ በመስኮት ላይ ደርድሮ ያነሣል። እንደ እርሱ ካሉ ወዳጆቹ ጋር ሲገናኝ የሚነጋገሩት ስለ ሌንሱ ብርሃን መጠን ነው፤ ማንን እንዳነሡ የሚጠይቅ አልነበረም። በኮምፒዩተሩም ውስጥ ሥዕሎቹን የሚያኖርባቸውን ፎልደሮች የሰየማቸው በሰው ስም ወይም በበዓል ስም አልነበረም፤ «50 ሚሊ ሜትር ሙከራ»፥ «አዲሱ ሶኒ»፥ «የማታ ብርሃን 2» እያለ ነበር።

አንድ ቀን እናቱ ቡና አፍልተው ሲያቀርቡ አዲሱን ሌንስ ይዞ ተንበርክኮ አነሣ። ወዲያውም ሥዕሉን በካሜራው ጀርባ ላይ አሳያቸው። እናቱ መነጽራቸውን አድርገው ተመለከቱና «እኔ የት አለሁ?» ብለው ጠየቁት።

«ከኋላ ነሽ፥ እማዬ፤ ብዥ ያልሽው አንቺ ነሽ። ሌንሱ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው የኋላውን እንዲህ ሲያቀልጠው ነው» አላቸው።

«ሲኒዎቹስ አምሮባቸዋል» ብለው ሣቁ።

እናቱ በ2021 ዓ.ም. ዐረፉ። የአርባ ቀኑ ተዝካር ሲቃረብ ወንድሞቹና እኅቶቹ በሳሎኑ የሚሰቀል ትልቅ ፎቶግራፍ እንዲያዘጋጅ አዘዙት። «ከአንተ ዘንድ የእማዬ ፎቶግራፍ አይጠፋም» አለችው ታላቅ እኅቱ፤ እርሱም አይጠፋም አለ። ማታ ኮምፒዩተሩን ከፈተ። በተረፉት ዲስኮች ላይ ከ60,000 በላይ ሥዕሎች ነበሩ። እናቱን በስማቸው ሊፈልጋቸው አልቻለም፤ ስማቸው የተጻፈበት ፎልደር አልነበረምና። ስለዚህ በየሌንሱ ስም ገብቶ መፈለግ ነበረበት። በ«50 ሚሊ ሜትር ሙከራ» ውስጥ ሲኒዎቹ ጠርተው፥ እናቱ ግን ከኋላ እንደ ነጭ ደመና ሆነው አገኛቸው። በሌላው ውስጥ እጃቸው ብቻ አለ፤ በሌላው ደግሞ ፊታቸው በዘንባባው ቅጠል ተከልሏል፤ የተፈተነው ቅጠሉ ነበርና። ሦስት ሌሊት ፈለገ።

የእኅቱ ልጅ በ2019 ዓ.ም. በተራ ስልክ ያነሣችው አንድ የሚያምር ፎቶግራፍ ነበረ፤ አያቷ በመስቀል ዋዜማ ችቦ ይዘው ቆመዋል፥ ፊታቸውም ይሥቃል። ነገር ግን ስልኩ ተሰርቋል፤ የቀረው ለዘመዶች በመልእክት የተላከው ቅጂ ነው። መልእክቱ ቶሎ እንዲደርስ ሥዕሉ ተጨምቆ ስለ ነበረ ረጅሙ ጐን 1,280 ነጥብ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ጥሩ ኅትመት በአንድ ኢንች ውስጥ 300 ነጥብ ያህል ይፈልጋል፤ እንግዲህ ያ ሥዕል ሳይደበዝዝ የሚታተመው ከ11 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ርዝመት ነው። ለኪስ ይበቃል፤ ለግድግዳ አይበቃም።

በአራተኛው ሌሊት የብስኩቱን ቈርቈሮ አወረደ። ወረቀቶቹ ወይበዋል፤ ጽሕፈቱ ግን ይነበባል። «የ1987 ፋሲካ፤ እማዬ በደጃፍ» ከሚለው ጥቅል ውስጥ አንዱን ኔጋቲቭ ወደ መብራቱ አቅንቶ ያዘው። ኔጋቲቭ ጥቁሩን ነጭ፥ ነጩን ጥቁር አድርጎ ስለሚያሳይ ፊቱ ወዲያው አልተለየውም፤ አቋማቸው ግን ተለየው። ያን ቀን ከ36ቱ የቀሩት ሁለት ብቻ ስለ ነበሩ እናቱ እንቁላሉን ቈጥረው ለጎረቤት እስኪሰጡ፥ ዘወርም ብለው እስኪሥቁ ድረስ መጠበቁን አስታወሰ።

በዚህ ስፍራ ነገሩን በቀላሉ አሮጌው ይሻላል ብሎ መደምደም ይቻል ነበር፤ እውነቱ ግን እንዲህ አይደለም። ኔጋቲቩን የሚያትም ጨለማ ክፍል እርሱ በሚያውቃቸው ፎቶ ቤቶች ዘንድ አልቀረም። ስለዚህ ነጭ ብርሃን በሚሰጥ ጠፍጣፋ መብራት ላይ ኔጋቲቩን አነጠፈ፤ ሶኒውን በእግሩ ላይ አቁሞ፥ ትንሽ ነገርን አቅርቦ በሚያነሣው ሌንስ አነሣው፤ በኮምፒዩተሩም ጥቁሩን ወደ ነጭ፥ ነጩን ወደ ጥቁር ገለበጠው። 24 በ36 የሆነው ፊልም በ24 በ36 ሰሌዳ ላይ ልክ ለልክ ዐረፈ። 6,000ው ነጥብ ለ50 ሴንቲ ሜትር ኅትመት በቃ። ከ34 ዓመት በኋላ የእናቱ ፊት፥ በቀኝ ጉንጫቸው ላይ ካለው ትንሽ ምልክት ጋር፥ ጥርት ብሎ ወጣ። ይህን ያለ አዲሱ ካሜራ ሊያደርገው አይችልም ነበር፤ ያለ ዜኒቱም የሚደረግ ነገር አይኖርም ነበር።

ተዝካሩ ካለፈ በኋላ ሰውየው ካሜራዎቹን አልሸጠም፤ ስለ አዲስ ሌንስ የሚወጣውን ወሬ ማንበብም አልተወም። ምኞት በአንድ ኀዘን አይነቀልም። የለወጠው የሥራውን ሥርዓት ነው። ለዜኒቱ ሄሊዮስ ሌንስ መጋጠሚያ ቀለበት ገዛለት። አዲሱ ካሜራ መስተዋት ስለሌለው በሌንሱና በሰሌዳው መካከል ያለው ርቀት አጭር ነው፤ ወደ 27 ሚሊ ሜትር የሚጠጋው ቀለበትም ጐደሎውን ሞልቶ የዛሬ አርባ ዓመት የነበረውን ሌንስ በዛሬው አካል ላይ ያሠራዋል። ይህ ሌንስ ራሱ አያጠራም፤ ቀለበቱን በጣት እየዞሩ ዓይን እስኪጠራ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሰውየው የወደደለትም ስለዚሁ ነው፤ እስኪያጠራ ድረስ ፊቱን ያየዋል።

ፎልደሮቹንም ዳግመኛ ሰየማቸው፤ አሁን የሰው ስም፥ ቀንና ስፍራ አላቸው። በየዓመቱ ለእንቍጣጣሽ ካለፈው ዓመት ሥዕሎች 36 ብቻ መርጦ ያሳትማል፤ ቍጥሩ የአንድ ጥቅል ፊልም ቍጥር ነው። በየጀርባቸውም ማን እንደ ሆነና መቼ እንደ ተነሣ በእርሳስ ይጽፋል፤ የብዕር ቀለም ወደ ፊቱ ዘልቆ ሊያበላሽ ይችላልና። የቀረውን በሁለት ዲስክ ይገለብጣል፤ አንዱ በእርሱ ቤት፥ ሁለተኛው በታላቅ እኅቱ ቤት ይቀመጣል፤ አንዱ ቢወድቅ ወይም ቢሰረቅ ሌላው እንዲተርፍ።

በቅርቡ የእኅቱ ልጅ አዲስ ስልክ ልትገዛ አስባ «ጋሼ፥ የትኛው ካሜራው ይሻላል ይሉኛል?» ብላ ጠየቀችው። ቀድሞ ቢሆን ሁለት ሰዓት ያስረዳት ነበር። አሁን ግን የሁለቱን ዋጋ አይቶ ርካሹን መረጠላትና፥ የአሮጌውን ስልክ ሥዕሎች በዚያው ቀን አምጥታ እንድትገለብጥ ነገራት። እርሷም አመጣች፤ እስከ ማታም ድረስ ጐን ለጐን ተቀምጠው የአያቷን ሥዕል ከሌላው ሲለዩ ዋሉ። ዐሥራ አንድ አገኙ።